የቤት ስልኩ ሲጠራ ኢንተርኔቱ ለምን ይጠፋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጎፋ ሠፈር፣ ከእናቴ ጋር ነው። መደበኛ ስልካችን ከሃያ ዓመት በላይ ሳሎን ተቀምጦ ያገለገለን ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሳሎኑ ሶኬት ገመድ ቀጥሎ እናቴ መኝታ ቤት ሁለተኛ ስልክ አስገብቶልናል። ባለፈው ታኅሣሥ በዚሁ መስመር ላይ ብሮድባንድ ኢንተርኔት አስገባሁ። ሞደሙና ንግግሩን ከኢንተርኔቱ የሚለየው ስፕሊተር የሚባለው ትንሽ ሳጥን ሳሎን ከስልኩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ በመኝታ ቤታቸው ስልክ ሲነጋገሩ «ሽሽሽ» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማቸዋል። የሳሎኑ ስልክ ግን ደህና ነው። ስልክ በተደወለ ቁጥር፣ ወይም የመኝታ ቤቱ ስልክ በተነሳ ቁጥር ደግሞ የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምርና ኢንተርኔቱ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠፋል። ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል፤ ያን ጊዜ የሳሎኑም ስልክ ይንጫረራል። ሞደሙን ቀይሬዋለሁ፤ ለውጥ የለም። ውጭ አገር ያሉት እኅቶቼ የሚደውሉት በቤቱ ስልክ ስለሆነ እናቴ «ወይ ይሄን ነገር ንቀለው፣ ወይ ስልኬን መልስልኝ» ብለውኛል። ሁለቱን አብሮ ማኖር አይቻልም? የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጎፋ።

መልስ፦ ይቻላል። እናትዎ ስልካቸውን፣ እርስዎም ኢንተርኔትዎን ሳያጡ መፍትሔ አለው። በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው «የሳሎኑ ስልክ ግን ደህና ነው» የሚለው አጭር ዐረፍተ ነገር ነው፤ ጥፋቱ የሞደሙ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ስልኮች እኩል በታመሙ ነበር። አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ በሽተኛ የሆነው፣ የሳሎኑ ስልክ መስመሩን የሚያገኘው በስፕሊተሩ ውስጥ ተጣርቶ ሲሆን፣ የመኝታ ቤቱ ስልክ ግን ከስፕሊተሩ በፊት ከተቀጠለው ገመድ በቀጥታ ስለሚያገኝ ነው። ለሁለተኛው ሞደም ያወጡት ገንዘብ ያሳዝነኛል፤ በዚህ ዓይነት ችግር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው ሞደሙን ነው፣ ሞደሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለበትም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከምሰሶው ወደ ቤትዎ የሚገባው መስመር ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ብቻ ነው፤ ንግግሩም ኢንተርኔቱም በእነዚሁ ሁለት ሽቦዎች ላይ በአንድ ጊዜ ይመላለሳሉ። ሳይጋጩ የሚተላለፉት እያንዳንዳቸው የራሳቸው የድግግሞሽ ክልል ስላላቸው ነው፤ ድግግሞሽ ማለት ምልክቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ሲሆን፣ የሚለካው በሄርዝ ነው። የስልክ ንግግር ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ባለው ዝቅተኛ ክልል ይሄዳል፤ ኤዲኤስኤል የሚባለው የብሮድባንድ ዓይነት ደግሞ ከ25 ኪሎሄርዝ ግድም ተነስቶ እስከ 1,104 ኪሎሄርዝ፣ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ በሚባለው በተሻሻለው ዓይነት እስከ 2,208 ኪሎሄርዝ ይደርሳል። እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል፦ የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ የማይሰማ ከሆነ፣ እናትዎ የኢንተርኔቱን ምልክት እንዴት ሊሰሙት ቻሉ? መልሱ፣ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ በመስመሩ ላይ ተጉዞ የመጣ ሳይሆን እዚያው ስልኩ ውስጥ የሚፈጠር መሆኑ ነው። በስልኩ ውስጥ ያሉት ዳዮድና ትራንዚስተር የሚባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ለዚያ ከፍተኛ ድግግሞሽ ታስበው ስላልተሠሩ፣ ሲደርሳቸው ያዛቡትና ጆሮ ወደሚሰማው ሹክሹክታ ይለውጡታል። አንዳንድ ስልክ ብዙ የሚያሾክሸክው፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም የማይሰማበት በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ በሌላውም አቅጣጫ ይሄዳል። ስልክ ሳይነሳ በተቀመጠበት ጊዜ መስመሩ ላይ 48 ቮልት ግድም ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ፣ አለ፤ ሲጠራ በዚያ ላይ እስከ 90 ቮልት ገደማ የሚደርስ የጥሪ ኤሌክትሪክ ይጨመርበታል፤ እጀታው ሲነሳ ደግሞ ቮልቱ በድንገት ወደ አሥር ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ማጣሪያ የሌለው ስልክ ይህን ሁሉ መናወጥ እንዳለ ወደ ሞደሙ ያስተላልፋል፣ በተነሳበት ቅጽበትም ከኢንተርኔቱ ምልክት ከፊሉን ወደ ራሱ ይስባል። ሞደሙ በስልክ ጣቢያው በኩል ካለው መሣሪያ ጋር የነበረው ስምምነት ይፈርስበትና እንደገና ከመጀመሪያው መደራደር ይጀምራል፤ እርስዎ የሚያዩት ብልጭ ድርግም የሚለው መብራትና የሁለት ሦስት ደቂቃው መጥፋት ይኸው ድርድር ነው።

እንግዲህ ስፕሊተሩን ይመልከቱት። የክብሪት ሳጥን የሚያህል ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ ጥቂት ጥቅልል ሽቦዎችና ካፓሲተሮች አሉ፤ የራሱ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፦ በአንድ ወገን «ላይን» የተባለው ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን ይቀበላል፤ በሌላው ወገን «ፎን» የተባለው ለስልኩ፣ «ሞደም» ወይም «ዲኤስኤል» የተባለው ለሞደሙ ነው። ሦስቱም ቀዳዳዎች አንድ ዓይነት መሰኪያ ስለሚቀበሉ መሳሳት ቀላል ነው። ሞደሙ በስሕተት «ፎን» ላይ ከተሰካ ማጣሪያው የኢንተርኔቱን ምልክት ስለሚያስቀርበት መብራቱ ሲርገበገብ ይውላል እንጂ አይረጋም። ስልኩ በስሕተት «ሞደም» ላይ ከተሰካ ደግሞ ይሠራል፣ ነገር ግን ያልተጣራ ስለሆነ ያሾክሸካል። የእርስዎ በትክክል የተሰካ ይመስላል፤ ቢሆንም በጣትዎ ገመዱን እየተከተሉ አንድ ጊዜ ያረጋግጡ።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። ቀላሉ፣ ለመኝታ ቤቱ ስልክ የራሱን ትንሽ ማጣሪያ ገዝቶ በስልኩና በግድግዳው ሶኬት መካከል መሰካት ነው፤ ብዙ ጊዜ «ማይክሮፊልተር» ይሉታል፣ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። እኔ የምመርጠው ግን ሁለተኛውን ነው። መስመሩ ከውጭ ወደ ቤት የሚገባበትን የመጀመሪያ ቦታ ይፈልጉ፤ ስፕሊተሩን እዚያው ላይ ያድርጉት፤ ከ«ሞደም» ቀዳዳ አንድ ገመድ ብቻ ለሞደሙ ይውሰዱ፤ የሳሎኑም የመኝታ ቤቱም ስልክ፣ ካለም ፋክሱ፣ ከ«ፎን» ቀዳዳ በሚነሳው ገመድ ላይ ይቀጠሉ። እንዲህ ከተደረገ የቤቱ ስልክ ሁሉ በአንድ ማጣሪያ ይጣራል፤ ነገ ሦስተኛ ስልክ ቢጨምሩም ችግሩ አይመለስም። ከዚህም በላይ፣ ወደ መኝታ ቤት የተዘረጋው ቅጥያ ገመድ ለብቻው ጉዳት እንደነበረው ልብ ይበሉ፤ የኢንተርኔቱ ምልክት ወደዚያ ቅርንጫፍ ገብቶ ከጫፉ ተመልሶ ሲመጣ ከዋናው ጋር ይደባለቃል። ከማጣሪያው በስተጀርባ ሲሆን ግን ምልክቱ ወደዚያ አይሄድም። ሁለት ማጣሪያ በተከታታይ አያድርጉ፤ ንግግሩን ያደክማል እንጂ አይጠቅምም።

ሽቦ የሚነካ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ሥራው ሲጀመር መስመሩ ከውጭ ከሚመጣበት ቦታ ይነቀል፤ መነቀል ካልቻለ ባዶ ሽቦ በእጅ አይያዝ፣ ስልኩ በዚያው ደቂቃ ቢጠራ ክፉኛ ያስደነግጣልና። ነጎድጓድ ባለበት ቀን ጨርሶ አይሞከር።

አሁን ወደ ዝናቡ ልምጣ፤ ምክንያቱም የእርስዎ ቤት ችግር አንድ ሳይሆን ሁለት ይመስለኛል። ማጣሪያው የመኝታ ቤቱን ሹክሹክታና የስልክ ጥሪውን መቆራረጥ ያስወግዳል፤ በዝናብ ጊዜ የሳሎኑም ስልክ መንጫረሩ ግን የማጣሪያ ጉዳይ አይደለም። ድምፁን ለይቶ ማዳመጥ ብዙ ይነግራል። ወጥ ሆኖ የማይቋረጥ «ሽሽሽ» ያልተጣራ ስልክ ምልክት ነው። ወፍራምና ዝቅ ያለ «እምምም» ከሆነ፣ የ50 ሄርዙ የመብራት ኤሌክትሪክ ወደ ስልክ መስመሩ እየገባ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ መሬት ወይም እርጥበት መንካቱ ነው። እንደ ጨው እሳት ላይ ሲጣል «ጭርጭር፣ ጧ ጧ» የሚል የሚቆራረጥ ድምፅ ከሆነ ግን የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ አለ ማለት ነው። እርስዎ የጻፉት «ይንጫረራል» የሚለው ቃል ወደዚህ ሦስተኛው ይመራኛል።

ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓት የሚያህል ጊዜ ይያዙ፣ ቢቻል ዝናብ ባለበት ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ ነጎድጓድ ግን አይኑር። በቤቱ ያለውን ሁሉ ከስልክ መስመሩ ይንቀሉ፦ ሞደሙን፣ ስፕሊተሩን፣ ሁለቱንም ስልኮች። ከዚያ አንድ ባለ ገመድ ተራ ስልክ ብቻ መስመሩ መጀመሪያ በሚገባበት ሶኬት ላይ ይሰኩ። እጀታውን አንስተው አንድ ቁጥር ብቻ ይጫኑ፤ የመደወያው «ቱ» የሚለው ድምፅ ይጠፋና ለጥቂት ሰከንድ ጸጥታ ይሆናል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጆሮዎን ሰጥተው ያዳምጡ። ሌላ ምንም ሳይሰካ የሚንጫረር ከሆነ ብልሽቱ ከቤትዎ ውጭ ነው፤ በምሰሶው ላይ፣ በማከፋፈያ ሳጥኑ ወይም ከመሬት በታች ባለው ገመድ ውስጥ ነው፤ የሚጠግነውም አገልግሎት ሰጪው ነው። ጸጥ ካለ ስፕሊተሩንና ሞደሙን ይሰኩና እንደገና ያዳምጡ፤ ቀጥሎ የሳሎኑን ስልክ፣ ቀጥሎ የመኝታ ቤቱን። ድምፁ የጀመረው የቱ ሲሰካ እንደሆነ ካወቁ ጥፋተኛውን አግኝተዋል።

የዛገ መጋጠሚያ አንድ እንግዳ ባሕርይ አለው፤ እርሱን ባለማወቅ ብዙ ሰው ግራ ሲጋባ አይቻለሁ። ስልኩ ተነስቶ ሳለ ኢንተርኔቱ ይሻሻላል፤ ስልኩ ሲዘጋ ይደክማል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ምክንያቱ፣ እጀታው ሲነሳ በሽቦዎቹ ውስጥ ከ20 እስከ 40 ሚሊአምፔር የሚሆን ኤሌክትሪክ ስለሚፈስ፣ ያ ፍሰት በዝገቱ ሽፋን መካከል መንገድ ከፍቶ መጋጠሚያውን ለጊዜው ስለሚያሽለው ነው። በአንድ ዘመዴ ቤት ይኸው ሲያጋጥም የግድግዳውን ሶኬት ከፍተን ስናይ፣ ሁለቱ ሽቦዎች በጣት ተጠምዝዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ ፕላስተሩ ሲላጥ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። አሮጌውን ጫፍ ቆርጠን፣ ብሩህ መዳብ እስኪወጣ ልጠን፣ ውስጡ ውኃ የሚከላከል ቅባት ባለው መጋጠሚያ አሰርነው፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩም ኢንተርኔቱም ሰላም ነው። ለስልክ ሽቦ ፕላስተር አይበቃውም፤ በተለይ በረንዳ ላይ ወይም ቆርቆሮ ጫፍ ሥር ያለ ከሆነ።

ብልሽቱ ከቤት ውጭ ሆኖ ለጥገና ክፍል ሲያመለክቱ፣ «ኢንተርኔቴ አይሠራም» ብቻ አይበሉ። «ሞደሙንና ስፕሊተሩን ነቅዬ አንድ ስልክ ብቻ መግቢያው ላይ ሰክቼ ሞክሬዋለሁ፤ በዝናብ ጊዜ ይንጫረራል፤ ስልኩ ሲጠራም ኢንተርኔቱ ይቋረጣል» ብለው ይንገሯቸው። ይህን የሰማ ቴክኒሺያን ሞደም ይዞ ሳይሆን መጋጠሚያ ይዞ ይመጣል። ፀሐይ በወጣበት ቀን መጥቶ «ምንም የለውም» ብሎ ቢሄድ ደግሞ ተስፋ አይቁረጡ፤ ዝናብ በጣለ ዕለት ስልክዎን ከፍተው ድምፁን በሞባይል ይቅረጹና ያስቀምጡት።

ቁጥር ማየት ለሚፈልግ፣ በሞደሙ የመቆጣጠሪያ ገጽ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በ192.168.1.1 የሚከፈተው፣ ሁለት ልኬቶች ይገኛሉ። «ኤስኤንአር ማርጂን» የሚባለው ምልክቱ ከሁከቱ ምን ያህል እንደሚተርፍ የሚያሳይ ነው፤ ከ6 ዴሲቤል በታች ከወረደ መቆራረጥ ይበዛል፣ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የተረጋጋ ነው። «አቴንዌሽን» የሚባለው ደግሞ ምልክቱ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ ያሳያል፤ ይህኛው ሲያንስ ነው የሚሻለው፣ ከ60 በላይ ከሆነ መስመሩ በጣም ረዝሟል ወይም ተጎድቷል። የመኝታ ቤቱን ስልክ ከመንቀልዎ በፊትና ከነቀሉ በኋላ የመጀመሪያውን ቁጥር ጽፈው ያስተያዩ፤ ልዩነቱ ከማንም ምክር በላይ ያሳምናል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ገመድ። ከሶኬቱ እስከ ሞደሙ ያለው ገመድ አጭር ይሁን፣ ከመብራት ገመድና ከዲቫይደር ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። ሁለት ሽቦዎችን አንድ ላይ መጠምዘዝ የውጭ ሁከት ሁለቱንም እኩል እንዲነካና እንዲጣፋ ያደርጋል፤ ይህን ዘዴ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በፓተንት ያስመዘገበው ሲሆን እስከ ዛሬ ከእርሱ የተሻለ ርካሽ መከላከያ አልተገኘም። ጠፍጣፋው ረጅም የስልክ ገመድ ግን አልተጠመዘዘም። ሞደሙ ሩቅ ክፍል መሆን ካለበት፣ ሞደሙን መግቢያው ላይ ትተው የኔትወርክ ገመድ ቢዘረጉ ይሻላል፤ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ርካሽ ቻርጀር ወይም አምፑል ሁከት ይፈጥር እንደሆነ የሚጠረጥሩ ከሆነ፣ አሮጌ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ ላይ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ከፍተው በቤቱ ውስጥ ይዘዋወሩ። የመካከለኛ ሞገድ ክልልና የኤዲኤስኤል ክልል ስለሚደራረቡ፣ ሬዲዮው የሚጮህበት ዕቃ ሞደሙንም የሚረብሸው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ገመድ አልባ የቤት ስልክ ይዞልኝ መጣ። ስነጋገርበት ዋይፋዩ ይንቀራፈፋል፣ ሞደሙ አጠገብ ስቆም ድምፁ ይቆራረጣል። ማጣሪያ አስገብቻለሁ፣ አልረዳኝም። አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ።

መልስ፦ ማጣሪያ የሚረዳው በሽቦ ላይ ለሚመጣ ሁከት ብቻ ነው፤ የእርስዎ ግን በአየር ላይ የሚጋጭ ነው። በስልኩ መቀመጫ ሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። 2.4 ጊጋሄርዝ የሚል ከሆነ ስልኩና ዋይፋይዎ በአንድ ክልል ላይ እየተሻሙ ነው። የስልኩን መቀመጫ ከሞደሙ ጥቂት ሜትሮች ያርቁት፤ በሞደሙ ገጽ ላይ የዋይፋዩን ቻናል ከ1፣ ከ6 እና ከ11 መካከል እየቀያየሩ ይሞክሩ፤ ሞደምዎ 5 ጊጋሄርዝ ካለው ኮምፒዩተርዎን ወደዚያ ያዛውሩት። «ዴክት 6.0» የሚል (የአሜሪካው የገመድ አልባ ስልክ ደረጃ) ከሆነ ከ1,920 እስከ 1,930 ሜጋሄርዝ ስለሚሠራ ከዋይፋዩ ጋር አይሻማም፤ ነገር ግን ለአሜሪካ የተመደበው ይህ ክልል በሌሎች ብዙ አገሮች ለሞባይል ስልክ የተሰጠ ስለሆነ፣ በአውሮፓው ደረጃ ከ1,880 እስከ 1,900 ሜጋሄርዝ የሚሠራውን ዓይነት ቢገዙ ይሻላል። የአሜሪካ ስልክ ቻርጀርም ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነውና፣ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከመሰካትዎ በፊት ጽሑፉን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ፋይበር ብናስገባ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል? ከሲኤምሲ።

መልስ፦ የስፕሊተሩና የዝገቱ ጣጣ ይቀራል፤ በፋይበር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ የመብራት ገመድም፣ ዝናብ የነካው የመዳብ መጋጠሚያም አይረብሸውም። ስልኩም የሚሰካው ቤት ውስጥ በሚቀመጠው የፋይበር ሳጥን ላይ ነው። በቤቱ አረጋዊ ካሉ ግን አንድ ነገር አስቀድመው ያስቡበት። የመዳቡ ስልክ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ስለሆነ ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋም ተራው ባለ ገመድ ስልክ ይሠራል፤ የፋይበሩ ሳጥን ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ስልኩም ከእርሱ ጋር። ስለዚህ ከማስገባትዎ በፊት ለሳጥኑ የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ይግዙ፤ መብራት የሚሄድበትን ቀን ሳይጠብቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ነቅለው፣ በባትሪው ብቻ ስልኩ ለስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይሞክሩት።